መድኃኒቱን እስከ ሦስተኛ ዓመት አትደብቁብን

ይድረስ፦ በየዩኒቨርሲቲው የፋርማሲን አንደኛ ዓመት ትምህርት ለምታቅዱ፣ ለምታስተምሩና ፈተና ለምታወጡ ሁሉ

ጉዳዩ፦ መድኃኒት የማይታይበት የመድኃኒት ትምህርት

የተከበራችሁ መምህራንና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣

አንደኛ ዓመትን ጨርሻለሁ። አልፌያለሁም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የወደቀ ተማሪ ምሬት ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። ከሰቃዮቹም አይደለሁም፤ መሐል ላይ ካሉት ነኝ። አሁን የምጽፈው ነገሩ ገና ትኩስ ስለሆነ ነው። ከፍ ያለ ዓመት የደረሱትን ስለ አንደኛ ዓመት ስትጠይቋቸው "ባክህ ያልፋል" ብለው ይስቃሉ። እናንተም ካለፋችሁት ብዙ ዘመን ሆኗችኋል። እኔ ግን አልረሳሁትም።

የምለው አንድ ነገር ነው። አንደኛ ዓመት ላይ የምታስተምሩን ሁሉ ስለ መድኃኒት ነው፤ ግን አትነግሩንም።

ፋርማሲ ብለን ገባን። የተሰጠን ጄኔራል ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ሒሳብ፣ ስታቲስቲክስ ነው። የኮርሶቹ ስምና ቅደም ተከተል ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ መልኩ ግን ያው ነው። መድኃኒት የሚለው ቃል የሚሰማው በመግቢያ ኮርሱ ላይ ነው፤ እሱም የሙያውን ታሪክና ሥነ ምግባር ሲያወራ ሴሚስተሩ ያልቃል። "ቆይ፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ትደርሱበታላችሁ" የሚለውን መልስ ከሁሉም መምህር ሰምቻለሁ። እስከዚያ ድረስ የምንማረውን ለምን እንደምንማረው ሳናውቅ እንሸመድዳለን።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። መሠረቱ ይቅርልን አላልኩም። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ አያስፈልግም የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፤ አልስማማም። መድኃኒት ሞለኪውል ነው። ሞለኪውሉን የማያውቅ ሰው የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ ቢል አላምነውም። ጥያቄዬ መሠረቱ ላይ የሚቆመው ቤት ከመጀመሪያው ቀን ይታየን የሚል ነው።

የአሲድና ቤዝ ምዕራፍን እንውሰድ። ሄንደርሰን ሃሰልባልክ የሚባለው ቀመር ሰሌዳው ላይ ተጻፈ። ፒኤች (የአሲድነት ልኬት) ይሰጣል፣ ፒኬኤ (የሞለኪውሎቹ ግማሽ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚይዙበት ፒኤች) ይሰጣል፣ ቻርጅ የያዘውና ያልያዘው ሬሾ ስንት እንደሆነ አውጡ ይባላል። ምሳሌው ሁልጊዜ አሲቲክ አሲድ ነው። ክፍሉ በሙሉ ቀመሩን በቃሉ ያዘ። ከፈተናው ማግስት አብዛኛው ረሳው።

ቀመሩ ምን እንደሚሠራ ያወቅሁት ቆይቶ፣ በራሴ ንባብ ነው። አስፒሪን ደካማ አሲድ ነው፤ ፒኬኤው 3.5 አካባቢ ነው። ፒኤቹ 1 ወይም 2 በሆነው የጨጓራ አሲድ ውስጥ አብዛኛው ሞለኪውል ቻርጅ የለውም። ቻርጅ የሌለው ሞለኪውል የሴሉን ቅባታማ ሽፋን በቀላሉ ያልፋል። ደም ውስጥ፣ ፒኤቹ 7.4 ሲሆን፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ቻርጅ ይይዛል። አሁን አንድ ሰው አስፒሪን ከልክ በላይ ወስዶ ድንገተኛ ክፍል ገባ እንበል። ሐኪሞቹ ሶዲየም ባይካርቦኔት በደም ሥር ይሰጡታል። ሽንቱ ወደ ቤዝ ሲያደላ፣ ኩላሊት ያጣራው ሳሊሲሌት (አስፒሪን ሰውነት ውስጥ የሚለወጥበት ነገር) ቻርጅ እንደያዘ ይቀራል። ተመልሶ ወደ ደም መግባት ይቸግረዋል። በሽንት ይወጣል። ይሄ እኮ ያው ቀመር ነው! ይህን ለመናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የሰማ ተማሪ ደግሞ ቀመሩን ሊረሳው አይችልም።

(በቀመሩ ብቻ ካሰባችሁት አስፒሪን በዋናነት ከጨጓራ ወደ ደም የሚገባ ይመስላል። እውነቱ ግን አብዛኛው የሚገባው ከትንሹ አንጀት ነው፤ የውስጥ ገጽታው ስፋት ከጨጓራው እጅግ ስለሚበልጥ። ኬሚስትሪውና አናቶሚው እዚህ ላይ ሲገናኙ ማየት ደስ ይላል። የሁለቱ ኮርሶች መምህራን ግን ተገናኝተው የሚያውቁ አልመሰለኝም።)

የሟሟነት ምዕራፍም እንዲሁ ነው። ዋልታዊ የሆነው (አንድ ጎኑ ወደ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ወደ ኔጋቲቭ ያደላ ሞለኪውል) ዋልታዊውን ያሟሟል ተባለ፣ ሠንጠረዥ ተሰጠ፣ አለቀ። እኔ መምህር ብሆን ያን ክፍለ ጊዜ የምጀምረው በአንድ ታሪክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካ ውስጥ አንድ ኩባንያ ሰልፋኒላማይድ የተባለውን የኢንፌክሽን መድኃኒት በፈሳሽ መልክ ማውጣት ፈለገ። መድኃኒቱ በክኒንና በዱቄት መልክ ሲሠራበት ቆይቷል። ወደ ፈሳሽ ልለውጠው ሲባል ግን በቀላሉ አልሟሟም አለ። የኩባንያው ኬሚስት ሞክሮ ሞክሮ ዳይኢትሊን ግላይኮል ውስጥ እንደሚሟሟ አገኘ። ጣዕሙ ተፈተሸ። መልኩ ተፈተሸ። ሽታውም ተፈተሸ። መርዛማነቱን ማንም አልፈተሸም፤ የጊዜው ሕግም አያስገድድም ነበር። ዳይኢትሊን ግላይኮል ኩላሊትን የሚያበላሽ መርዝ ነው። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1938፣ አዲስ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱ መረጋገጥ አለበት የሚል ሕግ ወጣ።

ልብ በሉ። ኬሚስቱ የሟሟነቱን ጥያቄ በትክክል መልሷል። የእኛ ፈተና ላይ ቢቀመጥ ሙሉ ነጥብ ያገኝ ነበር።

ያለፈ ታሪክ እንዳይመስላችሁ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት በዚሁ ዳይኢትሊን ግላይኮልና በዘመዱ በኢትሊን ግላይኮል ስለተበከሉ የልጆች ሽሮፖች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ጋምቢያ ውስጥ ሕፃናት ሞተዋል። ስለዚህ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ "ማሟሟቻው ራሱ ማን ነው?" ብሎ መጠየቅን ከሠንጠረዡ ጋር አብሮ ቢማር ምን ይጎዳል?

ኦርጋኒክ ላይ አልቆይም፤ ስለ እሱ የሚያማርር ሰው ሞልቷል። አንድ ነገር ብቻ። ቻይራል ሞለኪውሎች (እንደ ቀኝና ግራ እጅ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል የሆኑ ሁለት መልኮች ያሏቸው) ላይ ስንደርስ ታሊዶማይድ ተነሥቶ ነበር፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1957 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ለገበያ ቀርቦ፣ እርጉዝ እናቶች ወስደውት፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት የእጅና የእግር ጉድለት ይዘው ከተወለዱ በኋላ በ1961 መጨረሻ ከገበያ የተነሣው መድኃኒት ነው። የተነገረን ግን "የቀኙ መድኃኒት፣ የግራው መርዝ" በሚል አጭር መልክ ነው። ሰው ሲሰማው፣ ጥሩውን ለይተው ቢሸጡ ኖሮ ችግር አይኖርም ነበር ብሎ ይሄዳል። ሁለቱ መልኮች ግን ሰውነት ውስጥ አንዱ ወደ ሌላው ይለወጣሉ። ለይቶ መሸጥ አያድንም ነበር። ታሪክ ከነገራችሁን አይቀር ሙሉውን ንገሩን።

ወደ ካልኩሌሽን፣ ማለትም ወደ መድኃኒት መጠን ስሌት፣ ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም ካልኩ ታገሡኝ፤ ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው።

ካልኩሌሽን አንደኛ ዓመት ላይ ካሉት ኮርሶች ሁሉ ለሕመምተኛው የሚቀርበው ነው። እንዴት ነው የምንፈተነው? በምርጫ። በጥድፊያ። የሚያርመው ማሽን ነው። ተማሪው ምን እንዳሰበ የሚያይ የለም፤ የሚታየው ያጠቆረው ክብ ብቻ ነው።

አንድ ቀላል ጥያቄ ላምጣ። ለአንድ ልጅ ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ በኪሎ 15 ሚሊግራም ታዘዘ። ልጁ 12 ኪሎ ነው። 180 ሚሊግራም ማለት ነው። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም ከያዘ 7.5 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። እስከዚህ ሁሉም ሰው ይሠራዋል። ያው ሽሮፕ ግን በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊግራም ሆኖም ይመጣል። ከዚያኛው ጠርሙስ 7.5 ሚሊ ሊትር ከተቀዳ ልጁ 375 ሚሊግራም ወሰደ ማለት ነው፤ ከእጥፍ በላይ። ሒሳቡ ላይ እንከን የለም። ጠርሙሱ ነው ሌላ። የእኛ ፈተና ጠርሙሱን ጠይቆ አያውቅም።

የነጥብ አሰጣጡን ደግሞ እዩልኝ። በማይክሮግራምና በሚሊግራም መካከል 1,000 እጥፍ አለ። እንደ ሊቮታይሮክሲን ያሉ መድኃኒቶች የሚታዘዙት በማይክሮግራም ነው። ምርጫው ላይ "ሀ" 50 ማይክሮግራም ይላል፣ "ለ" 50 ሚሊግራም ይላል፣ "ሐ" 55 ማይክሮግራም ይላል እንበል። መልሱ "ሀ" ነው። "ሐ"ን ያጠቆረው ተማሪ አንድ ነጥብ ያጣል። "ለ"ን ያጠቆረውም አንድ ነጥብ ያጣል። አንደኛው ትንሽ ስቷል፤ ሌላኛው 1,000 እጥፍ ስቷል። በእናንተ ሚዛን እኩል ናቸው። ከዚያ ተማሪው ምን ይማራል? ስሕተት ሁሉ አንድ ነው ብሎ ይማራል።

የምጠይቀው ብዙ ሥራ የሚፈጥር አይመስለኝም። ከጥያቄዎቹ ጥቂቱን በጽሑፍ አድርጓቸው። ስሌቱ ሲያልቅ አንድ ተጨማሪ መስመር ይኑር፦ "ይህ መልስ ለዚህ ሰው ያስኬዳል? ለምን?" አንድ ተማሪ 40 ክኒን በአንድ ጊዜ ይዋጥ የሚል መልስ አውጥቶ ዝም ብሎ ካለፈ፣ ስሌቱ የተበላሸበትን ቦታ ከማወቅ ይልቅ ዝም ማለቱ ነው የሚያስፈራው። ዝም ላላለ ተማሪ ነጥብ ስጡት። መልሱን ባያገኘውም እንኳ "ይሄ ነገር ልክ አይመስለኝም" ብሎ ለጻፈ ተማሪ ነጥብ ስጡት።

የሬሾ አጻጻፍም አለ። አድሬናሊን 1 ለ 1,000 ሲባል በአንድ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊግራም ነው። 1 ለ 10,000 ሲባል 0.1 ሚሊግራም ነው። ዜሮው የበዛው ቀጭኑ ነው። ይህን ለመልመድ ሁላችንም ተቸግረን ነበር፤ መምህሩም "ትኩረት ስለማታደርጉ ነው" አሉን። በኋላ ሳነብ ግን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አንድ መድኃኒት ብቻ በያዙ መርፌዎች መለያ ላይ የሬሾ አጻጻፍ እንዲቀር መደረጉን አየሁ። ምክንያቱ ባለሙያዎቹንም ማደናገሩ ነው። እኛን ያደናገረን ነገር ልምድ ያላቸውንም ሲያደናግር ከኖረ፣ ለተማሪው የሚነገረው "ትኩረት አድርግ" ብቻ መሆን አልነበረበትም። አደጋው አለ፤ ሰዎች ተሳስተውበታል፤ እንዲህ እየተደረገ ነው ቢባል ሁላችንም እንነቃ ነበር።

አሁን ደግሞ በሁለት ኮርሶች መካከል ስለተቀበረች አንዲት ዜሮ ላውራ። ኬሚስትሪ ላብራቶሪ (እኛ ላብ የምንለው) ውስጥ ሚዛኑ 1.0 ግራም ካነበበ 1.0 ብለህ ነው የምትጽፈው። 1 ብለህ ከጻፍክ ነጥብ ይቀነሳል። ትክክል ነው፤ ከነጥብ በኋላ ያለችው ዜሮ ልኬቱ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደተደረገበት ትናገራለች። በዚያው ሴሚስተር፣ ሌላ ሕንፃ ውስጥ፣ ሌላ መምህር ደግሞ የመድኃኒት መጠን ሲጻፍ 1.0 ሚሊግራም ተብሎ በፍጹም አይጻፍም ይላሉ። ነጥቧ ከደበዘዘች 10 ተብሎ ይነበባልና። በተቃራኒው .5 ተብሎም አይጻፍም፤ 5 ይመስላልና 0.5 መባል አለበት። ሁለቱም መምህራን ልክ ናቸው። አንደኛው የሚያወሩት ስለ ልኬት ነው፤ ሌላኛው ማዘዣውን ስለሚያነበው ሰው። ግን ማንም ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ አላስረዳንም። ተማሪው ጠዋት ዜሮዋን ባለመጻፉ ይቀጣል፣ ከሰዓት በመጻፉ ይቀጣል። ኋላ ላይ "የመምህሩን ፀባይ እወቅ" የሚባለው የተማሪ ፍልስፍና የሚመጣው ከዚህ ነው። ለኔ ይህ የዓመቱ ትልቁ ትምህርት መሆን የሚችል ነገር ነበር፤ ባከነ።

ላቡን ካነሣሁ አይቀር አንድ ደስ የማይል ነገርም አለ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ ብዬ እገምታለሁ። የታይትሬሽን (ፈሳሽ ጠብ እያደረጉ የሌላውን መጠን የማወቅ ሙከራ) ውጤት የሚታረመው ከሚጠበቀው ቁጥር ጋር ባለው ቅርበት ከሆነ፣ ተማሪው ቁጥሩን ያመጣዋል። ከየት እንደሚያመጣው አትጠይቁ። ካለፈው ዓመት ተማሪ የሚዞር ሪፖርት አለ፣ የጓደኛ ደብተር አለ፣ ወደ ኋላ እየቆጠሩ የቡሬቱን (ፈሳሹ የሚለካበትን ቱቦ) ንባብ መሥራትም አለ። ይህን የሚያደርገው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሥርዓቱ የሚከፍለው ለዚያ ነው። ነገ ግን ይሄው ሰው የማቀዝቀዣውን ሙቀት በየቀኑ መዝግብ ይባላል። አብዛኞቹ ክትባቶችና ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለባቸው። ቅዳሜ ሳያነብ ቀርቶ ሰኞ ላይ "4 ዲግሪ" ብሎ የሚሞላውን ሰው እያሠለጠናችሁት ነው። የሳተ ቁጥር ይዞ ለምን እንደሳተ በሐቀኝነት ላስረዳ ተማሪ ነጥቡን ስጡት። አንድ ሴሚስተር ሞክሩት። የሚዞረው ሪፖርት ገበያ ያጣል።

ላብ ሁሉ መጥፎ ነበር ማለቴ አይደለም። ሙቀጫና ዘነዘና የያዝንበት ቀን ከዓመቱ ሁሉ የምወደው ነው። በጣም ጥቂት የሆነ ዱቄት ከብዙ ዱቄት ጋር ሲቀላቀል ብዙው በአንዴ አይገለበጥበትም። መጀመሪያ ጥቂቱን ከሚያክለው ጋር ታሻለህ፤ ከዚያ የተቀላቀለውን የሚያክል ትጨምራለህ፤ እንዲህ እያልክ እስኪያልቅ። አለዚያ አንዱ ጥቅል መድኃኒቱን በሙሉ ይዞ ሌላው ባዶ ሊሆን ይችላል። ያን ቀን ላቡን ይመሩ የነበሩት ረዳት መምህርት "ባዶው የሚደርሰው ለማን ነው?" ብለው ጠየቁን። ክፍሉ ጸጥ አለ። ዓመቱን ሙሉ የጠበቅሁት ጥያቄ እሱ ነበር፤ የመጣው ከሴሚስተሩ መጨረሻ ነው።

አሁን ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ ትንሽ ልተውና ስለ ዘመድ ላውራ። ፋርማሲ ደረሰኝ ያልክበት ዕለት የቤተሰቡ መድኃኒት አዋቂ ሆነሃል። መግቢያ ኮርሱን እንኳ አልጀመርክም። የክኒን ፎቶ በስልክ ይላካል። "ይሄ ለምንድነው?" "ከዚያኛው ጋር ይወሰዳል?" "ለአክስትህ የሠራላት ለእኔ ይሆናል?" አላውቅም ስትል "ታዲያ ምን ያስተምሯችኋል?" ይባላል። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ተገቢ ነው።

ይህን የምታውቁት መስሎኝ ነበር፤ ግን አንድም ኮርስ ለዚህ አያዘጋጀንም። አንዳንዱ ተማሪ ያፍርና ዝም ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ያፍርና ይመልሳል፤ የሚያስፈራው ይሄኛው ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃ ነበር። አንደኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ምን ማለት ይችላል፣ ምን አይችልም፣ ወደ ማን ይልካል። ቢያንስ ልንሰጣቸው የምንችላቸው ጥቂት ነገሮችም አሉ። ለምሳሌ ለጤነኛ አዋቂ ሰው የፓራሲታሞል የቀን ጣሪያ በአብዛኛው 4 ግራም ነው፤ ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ሁለቱን ደርቦ የሚወስድ ሰው ሳያውቀው ጣሪያውን ሊያልፍ ይችላል፤ የሚጎዳውም ጉበቱን ነው። ወይም ቀስ ብሎ እንዲለቅ የተሠራ ክኒን ተፈጭቶ አይወሰድም፤ ለሙሉ ቀን የታሰበው በአንዴ ይለቀቃልና። ይህን ለማወቅ ሦስተኛ ዓመት መድረስ አያስፈልግም። የንግድ ስሙን ትቶ ዋናውን ስም ማንበብም ይቻላል። በኦሎል የሚያልቁት፣ ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል፣ አንድ ቤተሰብ ናቸው። በፕሪል የሚያልቁት፣ ኢናላፕሪልና ሊሲኖፕሪል፣ ሌላ ቤተሰብ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ስሞቹን በዚህ መንገድ የሚያወጣው ባለሙያ እንዲለያቸው ነው። እኛ ግን በዚያው ሰዓት የአጥንት ስም እንሸመድዳለን። አጥንቱም ይሸምደድ፤ ግን ከሁለቱ አንዱን ዘመድ ይጠይቀናል።

በዕረፍት ጊዜ አንድ መድኃኒት ቤት አስፈቅጄ ከባንኮኒው ጀርባ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። መንካት የለም፣ መናገር የለም፣ ማየት ብቻ። አንዲት እናት ለልጇ ሽሮፕ ልትወስድ መጣች። ባለሙያዋ "በምን ትሰጪዋለሽ?" አለቻት። "በማንኪያ" አለች። "በየትኛው ማንኪያ?" እናትየው እጇን አሳየች፣ ትንሽም ትልቅም ያልሆነ። ባለሙያዋ መርፌ የሌለው የአፍ መስጫ ሲሪንጅ አወጣች፤ ልኩ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመረችና ውኃ አስቀድታ እንድታሳያት አደረገች። እናትየው መጀመሪያ አሳለፈችው፤ ሁለተኛ ጊዜ ልኩ ላይ አቆመችው። ነገሩ ሁሉ ካልኩሌሽን ነው፣ ልኬት ነው፣ ፈሳሽ ከሥሩ ወይስ ከላዩ ይነበባል የሚለው የላብ ጭቅጭቅ ነው። ከዚያ በኋላ ደብተሬን በሌላ ዓይን ነው ያነበብኩት። ያቺን እናት መጀመሪያው ወር ላይ አይቻት ቢሆን ኖሮ ዓመቱ ሌላ ዓመት ይሆን ነበር።

ስለዚህ ተማሪውን በመጀመሪያው ወር ወደ መድኃኒት ቤት ወይም ወደ ሆስፒታል ፋርማሲ ላኩት። ግማሽ ቀን ይሁን። ቆሞ ይይ። "ቦታ የለም፣ ተማሪው ብዙ ነው" እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ችግሩ እውነተኛ ነው። በቡድን በቡድን ተከፋፍሎ ዓመቱን ሙሉ ቢዞር ግን ለሁሉም ይደርሳል። ያም ካልሆነ አንድ የሚሠራ ባለሙያ ክፍል ድረስ መጥቶ ትናንት የገጠመውን ይንገረን።

በዓመቱ መሐል አንድ ጓደኛዬ ትምህርቱን ትቶ ሄደ። ሰው ሲያወራው የሚያዳምጥ፣ አያቱን ለዓመታት ያስታመመ፣ የእያንዳንዷን ክኒን ሰዓት ሳይረሳ የሚሰጥ ልጅ ነበር። ኦርጋኒክ አልገባ አለው። ቢማርም ላይገባው ይችል ነበር፤ ያንን አልክድም። ግን ሲሄድ ያለኝ "እኔ ለዚህ አልመጣሁም" ነው። የመጣበትን ነገር አንድ ቀን እንኳ ሳያይ ነው የሄደው። በየክፍሉ እንዲህ ያለ አንድ ሁለት ሰው ይኖራል። አብዛኞቻችን የቀረነው እልኸኞች ስለሆንን ነው፤ እልህ ደግሞ የባለሙያነት መለኪያ አይመስለኝም።

የምጠይቀው አዲስ ኮርስ አይደለም፤ የኮርስ ብዛት እንደሆነ ሞልቷል። በየምዕራፉ መግቢያ ላይ አንድ መድኃኒትና አንድ ሕመምተኛ አስገቡ። የሁለት ኮርስ መምህራን በሴሚስተር አንዴ ቁጭ ብላችሁ የምታስተምሩትን አስተያዩ፤ ስለዚያች ዜሮ ተነጋገሩ። ካልኩሌሽኑን በጽሑፍ ፈትኑ። ላብ ላይ ለሐቀኛ ቁጥር ነጥብ ስጡ። ለመመለስ ስትዘጋጁ "በጀት የለም" የሚለው ምክንያት ከመድኃኒት ቤት ጉብኝቱ በቀር ለሌላው እንደማይሠራ አስቡልኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ሁለተኛ ዓመት ልጀምር ያለሁ የፋርማሲ ተማሪ

ግልባጭ፦

ዘንድሮ ለምትገቡ። መምህር "ሦስተኛ ዓመት ላይ ትደርሱበታላችሁ" ካሉ እጃችሁን አውጡና "አንድ መድኃኒት ብቻ ይጥቀሱልን" በሉ። አብዛኞቹ ያውቃሉ፤ ጠይቋቸው ብቻ። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አንድ ደብተር ለይታችሁ በየምዕራፉ አንድ መድኃኒት ጻፉበት፣ ካጣችሁ ፈልጉ። ካልኩሌሽን ላይ አሃዱን ሳትጽፉ ቁጥር አትጻፉ። ኦርጋኒክን ከጓደኛ ጋር አጥኑት፤ ብቻችሁን ሌሊት አትታገሉት።

ለዘመዶች በሙሉ። ፎቶ ስትልኩ የሳጥኑን ፊት ብቻ ሳይሆን ዋናው ስምና መጠኑ የተጻፈበትን ጎን ጭምር ላኩ። መልሱ አሁንም "ፋርማሲስቱን ጠይቁ" ነው፤ ቢያንስ ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁት እነግራችኋለሁ።